የእማማ ፌስታል፦ አዲስ አበባ ላይ አቅም ላነሰው ሰው ሕክምና፣ ድጋፍና ቤት እንዴት እንደሚጠየቅ

እማማ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፣ ልጅ የላቸውም፣ ባላቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። የሚኖሩት ቆርቆሮው በበሳሳ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀን «ሴፍቲኔት የሚመዘግቡ ሰዎች ነገ ይመጣሉ» ተባለ፤ ሴፍቲኔት መንግሥት አቅም ላነሰው ሰው የሚሰጠው ድጋፍ ነው። እማማ ቤቱን ጠረጉ። ቄጠማ ጎዘጎዙ። ከጎረቤት ረከቦትና ስድስት ስኒ ተዋሱ። ፈንዲሻ ሳይቀር አቀረቡ። መዝጋቢዎቹ ቡናውን ጠጡ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ጻፉና ሄዱ። ስም ዝርዝሩ ሲወጣ የእማማ ስም የለም።

«ምነው እማማ፣ የለኝም አይሏቸውም ነበር?» አልኳቸው።

«እንግዳ በባዶ ቤት ይቀበላል እንዴ ልጄ?»

ከዚያ በኋላ ወረዳ፣ ክፍለ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ዞርኩ። ይህ መመሪያ የወጣው ከዚያ መንከራተት ነው። የጻፍኩትም ለእማማ አይደለም፤ እሳቸው አያነቡትም። እናቱን፣ አጎቱን ወይም ጎረቤቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው። ብቻውን የሚሄድ አዛውንት «ነገ ይምጡ» ሲባል ይመለሳል። አብሮት ሰው ካለ «ነገ ስንት ሰዓት? ማንን እንጠይቅ?» የሚል ይገኛል።

1. ፌስታሉን አራግፉ

አዛውንት ቤት ውስጥ ወረቀት ሁሉ ያለው አንድ ፌስታል ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፍራሽ ስር ነው። አብራችሁ ቁጭ በሉና አንድ በአንድ አውጡት። የምትፈልጉት ይህን ነው፦

- የነዋሪነት መታወቂያ፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን
- የቤት ውልና የኪራይ ደረሰኞች፣ የቆዩትም ጭምር
- የጋብቻ፣ የልደት ወይም የባል የሞት ምስክር ወረቀት
- የሕክምና ካርድና የሐኪም ወረቀት
- የባል የሥራ ወይም የጡረታ ወረቀት

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የእማማ ባል ቀን ሠራተኛ ስለነበሩ ለእኛ አልሠራም። ነገር ግን ባል ወይም ሚስት የጡረታ መብት ኖሯቸው ከሞቱ፣ የቀረው የትዳር ጓደኛ የጡረታውን ግማሽ በተተኪነት ያገኛል። መብቱን ሳያውቅ ለምጽዋት እጁን የሚዘረጋ ሰው አለ። ልመና ከመጀመራችሁ በፊት ይህችን አጣሩ። የይርጋ ጊዜ ስላለውም ዛሬ ነገ አትበሉ።

ያገኛችሁትን ሁሉ ሦስት ሦስት ኮፒ አድርጉ። ጉርድ ፎቶ ስድስት ያህል አስነሱ። ዋናውን ወረቀት ለማንም ጥላችሁ አትምጡ። አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን ወደ ፌስታሉ መልሱ።

2. መታወቂያ ከሌለ የቀረው ሁሉ የለም

ሁለት መታወቂያ አለ፤ ሰው ያምታታቸዋል። ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊ መታወቂያው፣ ማንነትን ይናገራል፣ መላ አገሪቱን ያገለግላል። የነዋሪነት መታወቂያው ደግሞ የዚህ ወረዳ ነዋሪ መሆናችሁን ይናገራል። ለወረዳ ድጋፍ ሁለተኛው የግድ ነው። አሁን ግን ፋይዳ ሳይኖር የነዋሪነት መታወቂያ ማውጣትም ማደስም ስለሚያስቸግር ከፋይዳ ጀምሩ።

የፋይዳ ምዝገባ ነጻ ነው። የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወሰዳል። ልብስ በማጠብ የኖረ እጅ አሻራው ጠፍቶ ማሽኑ አልይዝ ሊል ይችላል። እማማ ላይ ደርሷል። ደንግጠው ሊነሱ ሲሉ አስቀመጥኳቸው። ዓይንም ፊትም የሚነሳው ለዚህ ነው፤ መዝጋቢው በትዕግሥት ደጋግሞ ይሞክር። ምንም ሰነድ የሌለው ሰው ደግሞ በምስክር መመዝገብ ይችላል። ምስክሩ ራሱ አስቀድሞ የተመዘገበ መሆን አለበት።

ቁጥሩ በስልክ መልእክት ነው የሚመጣው። ስልክ ለሌላቸው ሰው የማን ስልክ እንደሰጣችሁ ጻፉ። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ መልእክቱን ፍለጋ ሁለት ሳምንት ተንገላተናል።

ከክልል የመጣ ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከነበረበት ቦታ መሸኛ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ አንዳንዴ የክልል መሸኛ መቀበል ታቆማለች፣ ኋላ ደግሞ ትከፍታለች። አገር ቤት ሰው ከመላካችሁ በፊት ወረዳችሁን ጠይቁ።

3. በቃል አትጠይቁ፣ ጻፉ

ከሁሉ ይበልጥ የረዳን ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ እየሄድን እንናገር ነበር። ኃላፊው ያዝናል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ «እናያለን» ይላል። በወሩ ስንመለስ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እንደገና ከሀ እንጀምራለን። የተጻፈ ማመልከቻ ግን ሰው ቢቀየርም ፋይል ውስጥ ይቆያል።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በአንድ ወረቀት አንድ ጉዳይ ብቻ። ሕክምናውን፣ ሴፍቲኔቱንና ቤቱን አንድ ላይ ከጻፋችሁት ሦስቱም ቢሮ «ይህ የኛ አይደለም» ይላሉ። የእማማ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህን ይመስል ነበር፦

*ለ… ክፍለ ከተማ ወረዳ … ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽ/ቤት*

*ጉዳዩ፦ የጤና መድኅን መዋጮዬ በመንግሥት እንዲሸፈንልኝ ስለመጠየቅ*

*እኔ አመልካች በወረዳው በቤት ቁጥር … ከ… ዓ.ም. ጀምሮ እኖራለሁ። ዕድሜዬ … ነው። የምኖረው ብቻዬን ነው። ቋሚ ገቢ የለኝም፣ የሚጦረኝ ልጅም የለኝም። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ስላለብኝ በየወሩ መድኃኒት መውሰድ አለብኝ፤ የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ። መዋጮውን መክፈል ስለማልችል በነጻ ተጠቃሚነት እንድመዘገብ በትሕትና እጠይቃለሁ።*

*ፊርማ፣ ቀን፣ ስልክ*

መፈረም የማይችል ሰው በጣት አሻራ ይፈርማል። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። አንዱን ያስቀራሉ፤ ሁለተኛው ላይ የገባበትን ቀንና ቁጥር አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱ። በሚቀጥለው ስትመጡ ታሪክ መተረክ አያስፈልግም። ቁጥሩን ትሰጣላችሁ፣ ፋይሉ ይወጣል።

ሰኞ ጠዋት አትሂዱ። ስብሰባ ነው።

ከማመልከቻው ጋር የእድር ዳኛውን ወይም የአካባቢውን ሽማግሌ ድጋፍ አያይዙ። የችግረኛ ምልመላ የሚካሄደው በነዋሪዎች ኮሚቴ ነው። እዚያ የሚቀመጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እድር ላይ የምታውቋቸው ሰዎች ናቸው። በጭምጭምታ ከሚሰሙ እናንተው ብትነግሯቸው ይሻላል።

ለማመልከት ክፍያ የለም። በር ላይ ቆሞ «እኔ ላስጨርስልህ» የሚል ጉዳይ ገዳይ ካጋጠማችሁ እለፉት።

4. ሕክምናው ይቅደም

ቤት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሴፍቲኔት ዙር አለው። የጤና መድኅን ግን ቶሎ ሊያልቅ ስለሚችል ከዚያ ጀምሩ።

በመጀመሪያ፣ መድኅንም ሳይኖር በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት አለ። ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ ሕክምናና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አይከፈልባቸውም። ለእነዚህ ደብዳቤ ፍለጋ ወረዳ አትመላለሱ። በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ኪስ የሚያራቁተው ሌላው ነው። ግፊት፣ ስኳር፣ አስም፣ ቀዶ ሕክምና። ለዚህ ያለው መላ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 የገጠር ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው ወደ ከተማ የመጣው። ደመወዝተኛ ላልሆነ ሰው የተዘጋጀ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍልና ዓመቱን ሙሉ ይታከማል። መክፈል የማይችለውን መንግሥት ይከፍልለታል። ከላይ ያለው ደብዳቤ ይህን ለመጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ።

ምዝገባና እድሳት ወቅት አላቸው። ዓመቱን ሙሉ በሩ ክፍት አይደለም። ወረዳችሁ መቼ እንደሚመዘግብ ጠይቃችሁ ከዚያ በፊት ማመልከቻችሁን አስገቡ። ሲያማችሁ ከሆነ የምትሮጡት፣ ዘግይታችኋል።

ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በእናቱ የመድኅን ደብተር በቀጥታ አይታከምም። ለእሱ ተጨማሪ መክፈል ወይም ለብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል።

ደብተሩን ይዞ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ አይሠራም። መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሪፈር ይጽፋል። ያለ ሪፈር ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ሪፈር ሲጻፍ ወዴት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ለዓይን ዳግማዊ ምኒልክ፣ ለአእምሮ ሕመም አማኑኤል፣ ለቆዳ አለርት ነው የሚላከው። አንድ ቀን ለዓይን ተጽፎልን ሌላ ሆስፒታል ተሰልፈን ውለናል። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ወረቀቱን አላነበብኩትም።

ከመድኃኒት መስጫው «የለም» ስትባሉ ዝም ብላችሁ ወደ ግል ፋርማሲ አትሩጡ። ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ አለመኖሩን አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱ። የመድኅን ክፍሉን ደግሞ የትኛው ከነማ መድኃኒት ቤት እንደሚሰጣችሁ ጠይቁ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኅኑ አይሸፈኑም፤ በከንቱ አትሰለፉ።

ከአልጋ መነሳት ለማይችል ሰው ደግሞ ጤና ጣቢያው የቤተሰብ ጤና ቡድን አለው። ባለሙያዎቹ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ግን ሰው እንዳለ ማወቅ አለባቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ፈልጋችሁ ስሙንና የቤት ቁጥሩን አስመዝግቡ። የኛ ሰፈሯ ልጅ የእማማን ግፊት እየመጣች ትለካለች። እኔ እስክነግራት ድረስ እማማ መኖራቸውንም አታውቅም ነበር።

ሰው ድንገት ከወደቀ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ 939 ደግሞ የከተማው እሳትና አደጋ። ሁለቱንም ትልቅ አድርጋችሁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

5. ሴፍቲኔትና ምግብ

የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የታቀፈው 604 ሺህ ሰው ነበር። ሁለት መንገድ አለው። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ በአካባቢ ሥራ ይሰማራል፤ ጽዳት፣ ችግኝ፣ ድንጋይ ማንጠፍ። ከሚከፈለው ላይ 20 በመቶው ይቆጠብና በኋላ መቋቋሚያ ይሆነዋል። መሥራት የማይችለው፣ ማለትም አዛውንቱ፣ አካል ጉዳተኛውና በጽኑ የታመመው፣ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል። እማማን የመሰለ ሰው የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። ቢሮው ስሙ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ወረዳ ስትገቡ «ሴፍቲኔት የትኛው ክፍል ነው?» ማለት ይበቃል።

ምልመላው በኮሚቴና በቤት ለቤት መጠይቅ ነው። ወደ ስኒው ጉዳይ እንመለስ።

መዝጋቢ ሲመጣ ቤቱን እንዳለ ተዉት። ቡናው ይፈላ፤ ቡና ማፍላት ሀብት አይደለም። ግን የሰው ዕቃ ካለ የሰው መሆኑ ይነገር። በቀን ስንቴ እንደሚበላ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠግበን እናድራለን» የሚል መልስ የሚሰጡ እናቶች አሉ። ምስጋና ነው፤ ፎርሙ ላይ ግን «ሦስት ጊዜ» ተብሎ ይሞላል። አስቀድማችሁ አስረዷቸው። ምስጋናቸውን አትከልክሉ፣ ቁጥሩንም ይናገሩ።

ገቢም እንደዚሁ። እማማ አረብ አገር የእህት ልጅ አለቻቸው። ለፋሲካ ትንሽ ትልካለች። «ከውጭ የሚልክልዎት አለ?» ሲባሉ በኩራት «አዎ!» ብለው ነበር። በዓመት አንዴ መሆኑን አልተናገሩም፣ ጠያቂውም አልጠየቀም። እውነቱን ሙሉውን ተናገሩ፦ ስንት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ። መዋሸት አያስፈልግም። ከተያዘ ያሰርዛል፣ ከሌላ ችግረኛ አፍም ይነጥቃል።

ዝርዝሩ ለነዋሪው ሲገለጽ ሄዳችሁ እዩ። ስማችሁ ከሌለ ቅሬታ የምታቀርቡበት ጊዜ አለ፤ አጭር ስለሆነ በዚያው ሳምንት ጻፉ።

እስከዚያው ሆድ አይጠብቅም። ከተማው ተስፋ ብርሃን የተባሉ የምገባ ማዕከላት አሉት፤ አቅም የሌለው ሰው በቀን አንድ ጊዜ ይመገባል። ተማሪ ልጅ ያለው ደግሞ ልጁን መንግሥት ትምህርት ቤት ያስመዝግብ። ከ2012 ጀምሮ ቁርስና ምሳ እዚያው ነው፣ ደንብ ልብስና ደብተርም ይሰጣል። ለቤቱ ይህ ትልቅ ቅለት ነው።

6. ቤቱ

እውነቱን ለመናገር፣ ቤት የሌለው ሰው የቀበሌ ቤት ማግኘት ከሁሉ የከበደው ነው። ቤቶቹ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት የቀሩ ናቸው። በየመልሶ ማልማቱ እየፈረሱም ቁጥራቸው ቀንሷል። ለወረዳው ቤቶች አስተዳደር በጽሑፍ አመልክቱ፤ አካል ጉዳት፣ ዕድሜ ወይም ሕመም ካለ ማስረጃውን አያይዙ፤ ቁጥራችሁን ያዙና በየጊዜው ብቅ በሉ። «የቀበሌ ቤት ቁልፍ አለኝ» የሚል ደላላ ሌባ ነው። የቀበሌ ቤት አይሸጥም።

ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ግን ያለውን ይጠብቅ። ኪራዩ ትንሽ ነው ብሎ የሚዘነጋ አለ። በየወሩ ይከፈል፣ ደረሰኙ ይቀመጥ። ውሉ የሞተ አባት ስም ላይ ከሆነ ወደ እናንተ ስም መዞር ይችል እንደሆነ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቁ። ሰፈር ሲፈርስ መጀመሪያ የሚታየው ውሉ ላይ ያለው ስም ነው። በደባልነት የሚኖር ሰው በተለይ ይህን ይወቅ።

ጣሪያ የሚያፈስበት ቤት በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ ከሚታደሱት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ክረምት ሲገባ ሳይሆን ሚያዝያ ላይ ጠይቁ፤ ዝርዝሩ የሚያዘው ከዝናቡ በፊት ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። ያለ ፈቃድ ግን አንዲት ቆርቆሮ አትንቀሉ።

ከግለሰብ የተከራየ ሰው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በስልክ ይከፈል ይላል። አከራይ እንደፈለገ ዋጋ መጨመር አይችልም። ብዙ ተከራይ «ያስወጣኛል» ብሎ ሳያስመዘግብ ይቀራል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ሲያስወጣችሁ የምትይዙት ወረቀት ያ ውል ብቻ ነው።

7. እምቢ ቢሏችሁ

«በጽሑፍ ይመለስልኝ» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ትከፍታለች። ከዚያ የወረዳው ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ ክፍለ ከተማ፣ ቀጥሎ ቢሮ። እዚያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል፤ ክፍያ የለውም። ፍርድ ቤት ለሚደርስ ጉዳይ ዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በድሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። ለዚህም ወረዳው የድህነት ማስረጃ ይጽፋል። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል።

8. ወረዳው የማይደርስላቸው

ጎዳና ላይ የወደቀ፣ ማንም የሌለው አዛውንት ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ ካያችሁ መቄዶንያ የተባለው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አለ፤ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው። ስድስት ኪሎ ደግሞ የማዘር ትሬዛ እህቶች ጽኑ ሕሙማንን ይቀበላሉ። ሁሌም ቦታ አለ ማለት አይደለም። ሰውየውን ጭናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ቤቷ ውስጥ የተደበደበች ወይም የተደፈረች ሴት ጋንዲ ሆስፒታል ያለው የተቀናጀ ማዕከል ትሂድ። ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አንድ ቦታ ናቸው። ልብሷን ሳትቀይር፣ ገላዋን ሳትታጠብ ብትደርስ ለማስረጃው ይረዳል። መጠለያ የሚያስፈልጋት ከሆነም ከዚያው ይላካል። የመጠለያዎቹ አድራሻ ለደህንነት ሲባል በይፋ አይነገርም።

የእማማ ነገር? የመድኅን ደብተሩ በሦስተኛው ወር መጣ። ጣሪያው ለመጪው ክረምት ተይዟል፣ እናያለን። ለሴፍቲኔቱ ቅሬታ ጻፍን፣ መዝጋቢዎቹም በድጋሚ መጡ። ቡና ተፈላ። የቀረበው ሁለት ስኒ ነበር፣ አንዱ አፉ የተሸረፈ። መዝጋቢዎቹ ሦስት ስለነበሩ አንደኛው ተራውን ጠብቆ ጠጣ።